የጉታ እጅና አራተኛው ቤት

ጉታ ሆርዶፋ ሲነሣ አምቦ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አሻጥረኛ መባሉን ብቻ ነው። ውሸት ነው! ውሸት መሆኑንም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ነገሩ የተነሣው ከእኔ እጅ ነውና። ስሜ ይገዙ ሥዩም ነው፤ ጉታ ይጌ ይለኛል። የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ፤ ጉታ በቶርኖ ብረት በሚቀርጽበት የመንግሥት ወርክሾፕ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ።

ጉታ የደንዲ ገበሬ ልጅ ነው። ቶርኖ ላይ ሲቆም በኦሮምኛ ያንጎራጉራል፤ ዜማው ከቆመ ብረቱ እንዳላማረው እናውቃለን። ከዕቃው እግር እስከ በሳው ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ስድሳ ሚሊ» ይላል። እኔ በባለመርፌው መለኪያ ስለካው ስድሳ ነው። «አንተ የመርፌ ቄስ» እያለ ይቀልድብኛል፤ በተሳሳተ ቁጥር ምሳ ላይ አምቦ ውሃ የሚጋብዘው እሱ ነው፣ ካልተሳሳተ እኔ ነኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ እሱ የጋበዘኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ እኔው ከፈልኩ፤ ደስ እያለኝም ከፈልኩ።

በ1972 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለእንጭኒ ገበሬ ማኅበራት ወፍጮ የሚሆን አርባ ሁለት የብረት መያዣ ታዘዝን። የወፍጮው ዘንግ የሚዞረው በዚህ መያዣ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቀዳዳው ከመያዣው እግር በላይ ልክ ስድሳ ሚሊ ላይ ካልዋለ ዘንጉ ይንገዳገዳል። ጉታ አንድ በአንድ ሠርቶ፣ ከአንድ እስከ አርባ ሁለት ቁጥር መትቶ አስረከበኝ።

የምንለካበት ጠረጴዛ ላይ ስድስት ቤት፣ ማለት ስድስት ማስቀመጫ፣ ያለው ማሰሪያ አለ። ስድስት መያዣ በአንዴ ትደረድራለህ፣ ትለካለህ፣ ታወጣለህ፣ ቀጣዮቹን ስድስት ታስገባለህ፤ ሰባት ዙር ማለት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ መርፌውን መጀመሪያ በየዕቃው በራሱ እግር ላይ አስነክተህ ዜሮ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ወደ ቀዳዳው ትወጣለህ። ቤቶቹ እኩል ሊሆኑ አይችሉም፤ አንዱ ይቆሽሻል፣ አንዱ ያረጃል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዜሮ የራሱ ነው። ለአዲስ ሠራተኞች ይህንን እየጮህኩ ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ፣ እኔው!

ያን ቀን ኅዳር ሃያ ነበር። በማግሥቱ የአዲስ ዓለም ማርያም ትነግሣለች፤ እናቴ ወለተማርያም ደግሞ ያለ እኔ ቅዳሴ ገብታ አታውቅም። በዚያ በደርግ ዘመን ለንግሥ ብሎ ፈቃድ መጠየቅ በክፉ ዓይን መታየት ስለሆነ፣ ሥራዬን ጨርሼ ሹልክ ልል አሰብኩ። አውቶቡሱ የሚነሣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ በአንደኛው ቤት ባለው ዕቃ ላይ ዜሮ አደረግኩና ሌሎቹን በዚያው ዜሮ እየሮጥኩ ለካኋቸው። ሰባቱንም ዙር እንደዚያው።

አራተኛው ቤት ላይ የተቀመጠው ሁሉ ከፍ ብሎ ወጣ። አራት ቁጥር፣ አሥር ቁጥር፣ አሥራ ስድስት፣ እያለ እስከ አርባ። ሰባት ብልሹ። አንድ ጊዜ ቆም ብዬ «ምነው ሁልጊዜ አራተኛው?» ብል ኖሮ! አላልኩም። ውጤቱን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አውቶቡሱን ያዝኩ። ማርያም ደጅ ቆሜ ሰገድኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ያን ስል ዛሬም ያሳፍረኛል።

ኅዳር ሃያ ሁለት ስመለስ ወርክሾፑ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ኃላፊያችን ጓድ በድሉ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ የእኔን ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «ከአርባ ሁለት ሰባት! ይህ ስሕተት አይደለም፣ አሻጥር ነው!» ይላል። ጉታ ተጠየቀ። ይሟገታል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እጆቹን ገልብጦ አያቸውና፣

«እኔ ስዳስሰው ልክ ነበር። ግን ይጌ ለክቶት ከሆነ ልክ አይደለም። እጄ ነው የበደለው፤ አሻጥር ግን የለብኝም» አለ።

እንዲህ ነበር በእኔ የሚያምነው! በማግሥቱ ጧት ፖሊስ ወሰደው።

ያን ጧት፣ እሱ ከሄደ በኋላ፣ እጄን የማሳርፍበት አጣሁና ማሰሪያውን መጥረግ ጀመርኩ። አራተኛው ቤት ውስጥ ከዘይት ጋር የተጋገረ የብረት ፍርፋሪ አገኘሁ፤ ውፍረቱ ከጥፍር አይበልጥም። አሥር ቁጥርን አነሣሁ፣ በራሱ እግር ላይ ዜሮ አደረግኩ፣ ለካሁ፤ ስድሳ። አርባ ቁጥርን ለካሁ፤ ስድሳ። ሰባቱም ስድሳ ነበሩ።

ታዲያ ለምን አልተናገርክም ትሉኛላችሁ። ፈራሁ። ፊርማው የእኔ ነው፤ «አሻጥረኛው አንተ ነህ» ሊሉኝ ነው፤ ሥራ ጥዬ የሄድኩትም ለቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ጉታ አምስት ወር ታሰረ። ከሰባቱ ስድስቱ መያዣ ለማቅለጫ ተጫነ፤ አሥር ቁጥርን ግን በጨርቅ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ መጣል አቃተኝ። ጉታ ሲፈታ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ ወደ ደንዲ ተመለሰ። እኔ ዕድገት ተሰጠኝ፤ እግዜር ያሳያችሁ።

ስምንት ዓመት አለፈ። በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጊንጪ ገበያ ላይ አገኘሁት። እሱ ነው አይቶኝ የሮጠው፤ «ይጌ! አካም ጅርታ!» ብሎ ደህንነቴን እየጠየቀ አቀፈኝ። በእጁ የተሰበረ የማረሻ ወገል ይዟል፤ ብረት ሠሪ ዘንድ ሊያሠራው ነው።

«አንተ? አንተ ወገል ልታሠራ?» አልኩት።

«ተወኝ እባክህ። ይህ እጅ ልክ የሳተ እጅ ነው፣ አንተው ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ብረት ነክቼ አላውቅም፤ የሰው ወፍጮ ላበላሽ?» አለና ሳቀ። ሳቁ ገደለኝ።

በሳምንቱ አሥር ቁጥርን ከነመለኪያው ተሸክሜ ደንዲ፣ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሚስቱ ወርቂቱ እርጎ አቀረበችልኝ። መቅመስ አልቻልኩም። መያዣውን ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ፣ መርፌውን በእግሩ ላይ ዜሮ አድርጌ ወደ ቀዳዳው አወጣሁና «አንብበው» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀጥሎ መለኪያውን ገለል አደረገና አውራ ጣቱን ከእግሩ እስከ ቀዳዳው ቀስ ብሎ አስኬደው።

«ስድሳ» አለ። «ያ ዋቃዮ! አምላኬ! ስድሳ ነው! ወርቂቱ፣ ነይ እይ፣ ልክ ነበርኩ!»

አራተኛው ቤት ውስጥ ስለነበረው ፍርፋሪ፣ ስለ ችኮላዬም ነገርኩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

ስምንት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይህችን ጥያቄ ነበር። «አንተ በተወሰድክ ጧት» የምትለው ቃል አፌ ላይ ነበረች። ፊቱን አየሁት፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

«ትናንት» አልኩት። «ዕቃ ቤት ስናጸዳ አሮጌውን ማሰሪያና ይህን መያዣ አገኘሁ።»

ጉታ ተነሥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «ትናንት አውቀህ ዛሬ መጣህ? ይህን ሁሉ መንገድ? ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቀው ነበር። አንተ ሰው ነህ፣ ይጌ» አለና ግንባሬን ሳመኝ። ወርቂቱ እያለቀሰች መረቀችኝ፤ ልጆቼን ጭምር መረቀች።

አሥር ቁጥርን ለእሱ ትቼለት ወጣሁ። እስክርቅ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ እያንጎራጎረ ይሸኘኝ ነበር፤ ከወርክሾፑ ወዲህ ያን ዜማ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወርቂቱ ለመንገድ ብላ የሰጠችኝን አይብ፣ እናቴ ዘንድ አዲስ ዓለም እስክደርስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ፤ አልከፈትኩትም።