የጋሽ አባይነህ ማላቀቂያ

የጥርስ ሐኪም ዕቃ ሁሉ ከውጭ አገር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለቡ መብራት ኃይል የበርና መስኮት ብየዳ ቤት ከፍቼ ከጋሽ አባይነህ ጋር ግድግዳ ስጋራ ነው ነገሩ የገባኝ። ጋሽ አባይነህ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት በብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ማላቀቂያ መሥራት ጀመሩ። ማላቀቂያ ሐኪሙ ጉጠት ከማስገባቱ በፊት ጥርሱን ከድዱ የሚለይበት፣ ጫፉ እንደ ጠባብ ማንኪያ የጎደጎደ ብረት ነው። ልጃቸው ውዳሴ በቦርሳዋ ይዛ ከብስራተ ገብርኤል እስከ ሀና ማርያም ክሊኒክ ለክሊኒክ እየዞረች ትሸጣለች። «የአባይነህ ነው» ካለች የሚከራከራት ሐኪም አልነበረም።

የሥራው ምስጢር እሳቱ ነው። ብረቱ ግሎ ፍም ሲመስል ዘይት ውስጥ ይነከርና ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በቀስታ ይሞቃል፤ የገለባ ቀለም ሲያወጣ ይነሳል። ሙቀት መለኪያ ግዙ ስላቸው «ዓይኔን ምን ልሠራበት ነው?» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

አምና ያ ዓይን ሞራ ጋረደው። ለማንም አልተናገሩም። እኔ ያወቅሁት ፊታቸው ያለውን የሻይ ብርጭቆ ሲዳብሱ አይቼ ነው፤ ብጠይቃቸው ተቆጡኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህን እያወቅሁ አክብሬያቸው ዝም አልኩ። ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

ቀለሙን ማየት ሲያቅታቸው በጸሎት መቁጠር ጀመሩ። እናቶቻችን እንቁላል ሲቀቅሉ እንደሚያደርጉት፣ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ሰባት ጊዜ ደግመው ብረቱን ከኤሌክትሪክ ምድጃው ያነሳሉ። ጸሎቱ ምንም አይወጣለትም፤ የሰፈራችን መብራት ግን የታወቀ ነው። ኃይሉ ሲወርድ ምድጃው ይለግማል፣ ሰባቱ ጸሎት ግን በሰዓቱ ያልቃል፤ ብረቱም ሙቀቱ ሳይበቃው፣ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ እንደሆነ ይነሳል።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት ዶክተር ሶሬቲ ከሀና ማርያም ክሊኒኳ ራሷ መጣች። የአሥር ዓመት ደንበኛ ናት። በፋሻ የጠቀለለችውን ማላቀቂያ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው፤ ጫፉ የለም።

«ጋሼ፣ አንዲት እናት መንጋጋ ውስጥ ተሰበረብኝ» አለች። «ስባሪውን እስካወጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታለቅስ ነበር።»

ውዳሴ ከአባቷ ቀደመች። «ብረቱ ነው፣ ዶክተር! ሻጩ የማይረባ ብረት ሰጥቶን ነው!» እውነት መስሏት ነው።

የዶክተሯ ፊት ፈታ አለ። «እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር። የእርስዎ እጅ እንዳልሆነማ አውቃለሁ። በሉ ሌላ ይስጡኝ፣ ነገም ቀጠሮ አለኝ።»

ጋሽ አባይነህ «አዎ» ቢሉ አበቃ። ስማቸውም እንጀራቸውም ይተርፍ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አዎ እንዲሉ ተመኘሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሳቸው የተሰበረውን ብረት በአውራ ጣታቸው ሲዳብሱ ቆዩ።

«ዓይኔ ነው» አሉ። «ከጥቅምት ወዲህ ቀለሙን አላየሁም።»

ውዳሴ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠች። ከጥቅምት ወዲህ ያሉትን ሁሉ በየክሊኒኩ ያደረሰችው እሷ ናት።

ሳምንቱን ሙሉ እሳቸው፣ ውዳሴና እኔ እየዞርን፣ በየበሩ እየተሳቀቅን አርባ ሦስት ማላቀቂያ መልሰን ሰበሰብን። ጋሽ አባይነህ አንድ በአንድ ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ አስረው፣ መቻሉን ለመፈተን ጫፉን በቱቦ ጠመዘዙት። ሠላሳ ስምንቱ ቻለ። አምስቱ ቀጭ እያለ ተሰበረ።

ውዳሴ ተንፈስ አለች። «አባዬ፣ አምስት ብቻ እኮ ነው!»

«አምስት ሰው በይ እንጂ» አሏት። ከዚያ ሞርሳው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ከዚያች ቀን ወዲህ ብረት አልነኩም።