አባቷ ያልመረቋት ተወዳዳሪ

ዳዶ ኤሌማ ከኦቦ ዋርድ፣ ከገጠሩ የምርጫ ቀጠና፣ ለካውንቲው ምክር ቤት ትወዳደራለች። የማንያታ ሰፈር ሰው የሚያውቃት ወተት ስትሸጥ ነው። አማርኛ የለመደችውም ድንበር ተሻግረው ከኢትዮጵያ ከሚመጡ ሾፌሮች ጋር ስትከራከር ነው። "ወተትሽ ውሃ ነው" ሲሏት፣ "ውሃ ቢኖረንማ ውሃውን ራሱን ነበር የምንሸጥላችሁ" ትላቸውና ትስቃለች።

ያን ሳቋን ከሰማሁ ቆየሁ። ያለፈው ዝናብ ሲጥል ልጇ ሀያቱ ኦቦ ሳለች ምጥ ያዛት። ሌላ መኪና ስላልነበረ ወደ ከተማው ሆስፒታል ለመድረስ ከብት በሚጭን መኪና ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ጭቃው ጎማውን ዋጠው። ወንዶቹ ጭቃውን ሲዝቁ ሀያቱ እናቷ ጭን ላይ ሕይወቷ አለፈ። ሕፃኑም አልተረፈም። የተቀበሩት እዚያው መንገዱ ዳር ነው።

 ከዚያ ወዲህ ዳዶ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት የሚያደርስ፣ ጭቃ የማይበግረው መኪና ኦቦ ውስጥ ይቁም። "ማን ይጠይቅልን? ማንም ካልጠየቀ እኔ እጠይቃለሁ።"

እኛ ዘንድ ግን ከሕዝቡ በፊት የሚመርጠው ጎሳ ነው። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በአንድ ሰው ይስማሙና ይመርቁታል። ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው አይመረቅም። ዳዶ በመጀመሪያ የባሏ ጎሳ ዘንድ ሄደች።

"አንቺ የሌላ ጎሳ ልጅ ነሽ" አሏት። "ወንበሩን ብንሰጥሽ ወደ አባትሽ ቤት ይዘሽው ትሄጃለሽ።"

ከዚያ ወደ ትውልድ ጎሳዋ መጣች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "ልጄ፣ አንቺን ድረን የጥሎሽሽን ከብት በልተናል። አሁን እንትፋው?" አሉ።

ሁሉም ሳቁ። ከመሃላቸው የተቀመጡት አባቷ ኤሌማ አልሳቁም። ጉባኤው ዋርዮ በሚባል ነጋዴ ተስማማ። በዕድሜ ትልቁ አባቷ ስለሆኑ፣ ነጋዴውን የመረቁትም እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ዳዶ ቤታቸው ሄደች።

"አባባ፣ እንደ ተወዳዳሪ አይደለም። መንገድ እንደሚወጣ ልጅ ይመርቁኝ።"

"መንገድሽ ወዴት ነው?"

"ያውቁታል።"

"አፌን ሰጥቻለሁ፣ ዳዶ። ለአንድ ነገር ሁለት ሰው የሚመርቅ አፍ፣ የፊተኛውንም ውሸት ያደርገዋል።"

"ሀያቱ የልጅ ልጅዎ ነበረች።"

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ አናቷ ዘረጉ። ሳያሳርፉት መለሱት። ዓይናቸውን በኩታቸው ጠርገው፣ "ሂጂ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ" አሏት።

ዳዶ ያለ ጎሳ፣ በግሏ ተመዘገበች። እንደ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ለመራጩ ስኳርም ጫትም አታድልም፤ የላትም። ስብሰባ ላይ የልጇን ስም አታነሣም። "ድምፅ የምለምንባት አይደለችም" ትላለች። እኔ እንድጽፈው የፈቀደችልኝ ብዙ ለምኛት ነው።

ባለፈው ሳምንት ኦቦ ላይ ሰው ሰበሰበች። ስብሰባ በሽማግሌ ምርቃት ይከፈታልና ሴቶቹ ተቀምጠው ጠበቁ። የሚነሣ ሽማግሌ አልነበረም።

"አባትሽስ የት አሉ?" አሏት አንዲት አሮጊት።

"ቤት ናቸው፣ እማማ።"

"አሟቸው ነው?"

"አይ። ደህና ናቸው።"

ሴቶቹ ተያዩ። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ሄዱ። ዳዶ እስኪርቁ ጠበቀች፤ ከዚያ ለቀሩት ስለ መኪናው መናገር ጀመረች።