አራተኛው ነጠላ

ልጄ የምታገባው በቁርባን ነው። ለዚያ ቀን የአያቴን ነጠላ ካልለበስኩ ብላ ስለነዘነዘችኝ፣ ባለፈው እሑድ የእናቴን የቆርቆሮ ሳጥን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁና ክዳኑን ስከፍተው የናፍታሊን ሽታ ፊቴን ገረፈኝ። ናፍታሊን ለሌላው ሰው የብል መድኃኒት ነው፤ እኔን ግን ሐዋሳ ላይ ቁጭ ባልኩበት ዲላ፣ ከገበያው በላይ ወደነበረው፣ ግድግዳው በጋዜጣ ወደተለጠፈው ቤታችን ይመልሰኛል። ሳጥኑ ውስጥ አራት ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሦስቱ በእጥበት ብዛት ሳስተዋል፤ አራተኛው ከሸማኔው እጅ እንደወጣ ነው።

አባቴን ሰፈሩ ጋሽ ወልዴ ይለው ነበር። የድቁና ትምህርቱን አቋርጦ ከሸዋ የመጣ፣ ቡና መጋዘን ሚዛን ላይ የሚሠራ፣ ማታ ሲገባ የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ሽታ ተከትሎት የሚገባ ሰው ነበር። እንጀራው ሚዛኑ ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ባልና ሚስት ማስታረቁ ላይ ነው። በረንዳችን ላይ የነበረው አግዳሚ ወንበር ያላስቀመጠው ጥል የለም፤ ሚስት ዳር ይዛ፣ ባል ሌላውን ዳር ይዞ፣ መሐላቸው አንድ ቤተሰብ የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ይቀመጡና አባቴ ሲገሥጽ፣ ሲያስቅ፣ ከመጽሐፍ ሲጠቅስ አምሽቶ፣ መጨረሻ ላይ አንዳቸው ቀስ ብለው ወደ መሐል ይጠጋሉ። እኔና ታላቅ ወንድሜ በመስኮት እያየን ማን ቀድሞ እንደሚጠጋ በሸንኮራ እንወራረድ ነበር። ወንድሜ ሁልጊዜ ሚስትየዋ ትጠጋለች ይላል፤ ሁልጊዜም ሸንኮራዬን ይበላኛል።

የአባቴ ስብከት አንድ ነበር። ቤተሰብ ታናሽ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እግዚአብሔር መንግሥት ሳያቆም ባልና ሚስት አቁሟል፤ ይሄ ምሰሶ ከተነቀለ ቀበሌም አገርም የለም። ይህን የሚለው ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ሆን ተብሎ እሑድ ጠዋት፣ በቅዳሴ ሰዓት በሚጠራበት ዘመን ነው። አንድ እሑድ ሊቀ መንበሩ የኅብረተሰብ መሠረት የአመራረት ዘይቤ ነው ብለው ሲያስረዱ አባቴ እጁን አወጣና፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ አምራቹ ራሱ ከየት ነው የሚመረተው? ከባልና ሚስት አይደለም ወይ?» ቢል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላላትም፤ ይወስዱታል ብላ። ሊቀ መንበሩ ግን የመጡት ከወራት በኋላ፣ በጓሮ በር፣ ሚስታቸው ልብሳቸውን በር ላይ ስለወረወረችባቸው ነበር። አባቴም አብዮቱ እንዳያፍር ብሎ አግዳሚውን ወደ ጓሮ አዞረና አስታረቃቸው።

ይህ ሁሉ ስብከት አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ አባቴና እናቴ ራሳቸው የተጋቡት በሰማንያ እንጂ በቁርባን አልነበረም። በሰማንያ የተጋባ ሊፋታ ይችላል፤ በቁርባን የተወሰነ ግን ሞት ካልሆነ የሚለየው የለም። አባቴ እንቁረብ ባለ ቁጥር እናቴ፣ «ሰማንያ ምስክር ያልያዘህን ቁርባን ይይዝሃል?» እያለች ታስቀው ነበር። በመጨረሻ እሺ አለች። በጋውን ሙሉ እንዝርቷን እያሾረች ጥጥ ፈተለች፣ ለአራታችንም ነጠላ አሠራች፣ ለፍልሰታ ሁላችንም አንድ ላይ እንድንቆርብ ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋገሩ። ነጠላዎቹ እስከዚያ ሳጥን ውስጥ ገቡ፣ ናፍታሊን ተበተነባቸው።

ፍልሰታ ሳይገባ የብሔራዊ ውትድርናው ምልመላ መጣ። ሊቀ መንበሩ እንደገና በጓሮ በር ገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ልጁን ሰሞኑን ዞር ያድርጉት» አሉ። ውለታ መመለሳቸው ነበር። ከደጋው ከቡሌ ቆጮ የሚያመጡልን አቶ በራሶ የሚባሉ የጌዴኦ ሰው፣ የአባቴ ወዳጅ፣ ጓሮ ተቀምጠው ነበርና ሰሙ። «ጋሼ፣ ልጁ ለእኔ ስጥ» አሉ። «ቡሌ ብርድ አለች እንጂ ሰው አይበላም።»

እናቴ የወንድሜን ሹራብ ልታመጣ ወደ ውስጥ ሮጠች። ተመልሳ ስትወጣ አባቴ ሊቀ መንበሩን፣ «በእሱ ፋንታ የማን ልጅ ሊሄድ ነው?» ሲል ደረሰች። ለካ ከቀበሌው የተጠየቀውን የወጣት ቁጥር ማሟላት ግድ ነበር። አባቴ፣ «የሌላውን ቤት አፍርሼ የእኔን አላቆምም» አለ። ሹራቡ በእናቴ እጅ ቀረ።

ወንድሜ አልተከራከረም። የአባቴን ጉልበት ስሞ፣ እኔን በጆሮዬ፣ «አግዳሚውን ጠብቂልኝ፤ ማን ቀድሞ እንደሚጠጋ ስመጣ ትነግሪኛለሽ» ብሎኝ ዝናብ እየዘነበበት ኦራል መኪናው ላይ ተሳፈረ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን አላናገረችውም። ፍልሰታም አለፈ።

መርዶው የመጣው በሌላው ዓመት፣ በማለዳ ነው። ሰው ቤቱን ሞላው፣ ድንኳን ተተከለ፣ እናቴ ደረቷን መታች፤ እኔ አላለቀስኩም። ዕቃ አመላልሳለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ጎረቤቶች ጠንካራ ልጅ ይሉኛል። ጥንካሬ አልነበረም፤ ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ደንዝዤ ነበር። ድድ እንኳ ማታውን ይፈታል።

ከአርባው በኋላ እናቴ ልብሷን ቋጠረች። ወንድሟ ከሻሸመኔ ሊወስዳት መጣ። ከአባቴ ጋር ሲያስታርቁ የኖሩት ሽማግሎች ተጠርተው አባትና እናቴን በዚያው አግዳሚ፣ ግራና ቀኝ አስቀመጧቸው። እኔ ብቻዬን መስኮቱ ጋ ቆምኩ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «የሰው ምሰሶ ሲያቆም የእኔን ነቀለ።» አባቴ፣ ያ ሁሉ ጥቅስና ምሳሌ አዋቂ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መዳፉን ያያል። ሽማግሎቹ ተናግረው ተናግረው ሲደክማቸው፣ ቡና ከሚታጠብበት ወንዝ በኩል የገለፈት ሽታ እየመጣ፣ ሁሉም የእናቴን ቋጠሮ ሲያዩ ቆዩ። ያኔ እናቴ ተጠጋች። እስከ መሐል ድረስ ተጠግታ፣ ፊቷን ወደ እሱ ሳታዞር፣ «እንቁረብ» አለች። ሽማግሎቹ እልል ሊሉ ቃጥቷቸው ተዉት። ማን ቀድሞ እንደተጠጋ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

በቁርባኑ ጠዋት ነጠላዬን ስታለብሰኝ ለምን እንደቀረች ጠየቅኋት። ክንዴ ሥር እያሾለከች፣ እንደ ተራ ነገር፣ «ትቼው ብሄድ የወንድምሽን ስም ከማን ጋር እጠራለሁ? ከእሱ ሌላ የወለደው የለም» አለችኝ። ቤተሰብ መሠረት ነው ሲባል ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል አልሰማሁም።

ከቅዳሴ ስንወጣ እንደ ደንቡ ሦስታችንም አፋችንን በነጠላችን ሸፍነን፣ ሳንነጋገር፣ ጭቃውን እየመረጥን ወደ ቤት ሄድን። ማታ ነጠላዎቹ ወለቁ፤ ዝምታው ግን አልወለቀም። አባትና እናቴ ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል ሳይለዋወጡ ኖሩ፤ ከአንድ ሳህን በሉ፤ እናቴ ወጡን ወደ እሱ በኩል ትገፋለች፣ እሱ መልሶ ይገፋላታል። ሰው የጋሽ ወልዴን ቤት እዩ እያለ ልጁን መረቀበት። መንግሥት ተለወጠ፣ ሊቀ መንበሩ ታሰሩ፣ አግዳሚው በስብሶ ተጣለ፣ ቤታችን ቆመ። ልትጠራው የቀረችለትን ስም ግን እናቴ አንድ ቀን እንኳ ስትጠራው አልሰማሁም። እሱም አልጠራውም፤ እኔም እነሱን እያየሁ ተውኩት። አስቀድሞ አባቴ ሞተ፣ ከዚያ እናቴ ተከተለችው። በሁለቱም ቀብር ላይ ዕቃ አመላለስኩ።

አሁን ልጄ የአያቷን ነጠላ ለብሳ መስተዋት ፊት ዞር ዞር ትላለች። ለሠርጓ ስለ ትዳር ጥቂት ቃል እንድናገር ጠይቃኛለች፤ የአባቴን ስብከት ከነቃሉ አውቀዋለሁ፣ ውሸትም አይደለም፣ ቤቱ ቆሟላ። አዲሱን ነጠላ ከሳጥኑ አንሥታ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«የታምራት» አልኳት።

ጦርነት ላይ የሞተ አጎት እንደነበራት ታውቃለች። ነጠላውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

«ስሙ ታምራት ነበር እንዴ?» አለች።