ሳይጠየቅ አይቆፈርም

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ውስጥ የቤት መሠረት ቆፍረዋል። ዶማ ከማንሳታቸው በፊት የሰፈሩን አሮጊት ፈልገው፣ «እማማ፣ እዚህ ጋ ድሮ ምን ነበር?» ይሉ ነበር። የተደፈነ የሽንት ቤት ጉድጓድ ላይ የቆመ ግድግዳ መሰንጠቁ አይቀርማ! እኛ ግን «አሁንስ አበዙት» እያልን እንስቅባቸው ነበር።

ባለፈው ክረምት እሳቸው የኖሩበት ግቢ ፈረሰ። ኤክስካቫተሩ ማንም ሳይጠየቅ መቆፈር ጀመረ። የድሮውን ጉድጓድ ቦታ የሚያውቁት አጎቴ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ቆመው፣ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ ዋሉ። ማንም አልመጣም። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

የቀብራቸው ዕለት መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ ሳላስበው ቆፋሪውን «እዚህ ጋ ድሮ ምን ነበር?» አልኩት።

ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሰው» አለኝ።