ጀርባውን ሰጥቶ የዳኘው ሰው

ክሊፍተን በሠፈራችን ካለው ሰው ሁሉ በቁመት ይበልጣል፤ በድምፅም እንደዚያው። የውሃ ሞተሩን የሚጠግነው እሱ ነው፤ የሞተ መኪና የሚያስነሣውም እሱ። እንዲህ ያለው ሰው ማቪስ ስትመጣ ካየ ግን ጎንበስ ብሎ ከቁጥቋጦ ኋላ ይጠፋል። ማቪስ የሚስቱ እናት ናት። በእኛ ዘንድ አማትና አማች አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። ጥል አይደለም፤ መከባበር ነው። ክሊፍተን ደግሞ አክባሪነቱን ያበዛዋል። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሳለ ማቪስ በሩ ላይ ደረሰችበት፤ የሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል ገብቶ ዘጋ። እሷ ዱቄትና ሻይ መርጣ፣ ከባለሱቁ ጋር ስለ ዝናቡ አውርታ እስክትወጣ ድረስ ከካንጋሩ ጭራዎች መካከል ቆሞ ቆየ። ሲወጣ ቅንድቡ ነጭ ሆኗል።

እሷም ታከብረዋለች። ጉዳይ ሲኖራት ለውሻዋ ጮክ ብላ፣ "አንተ፣ ቧንቧችን እኮ ያንጠባጥባል!" ትላለች፤ በማግስቱ ቧንቧው ይጠገናል።

ማቪስ ሽበቷ እንደ ጥጥ የነጣ ቢሆንም የሴቶች ሶፍትቦል ቡድናችን ኳስ ወርዋሪ ናት፤ አንዷ የወረወረችውን ሌላዋ በዱላ የምትመታበት ጨዋታ ነው። ዓምና በበዓሉ ውድድር ፍጻሜ ላይ፣ ከጨው ሐይቁ ማዶ ያለው ሠፈር መቺ አይቪ የማቪስን ኳስ መትታ ከአጥር በላይ ላከችና፣ "አክስቴ፣ ለምን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ እሳትሽን አትቆሰቁሺም?" አለቻት። ማቪስ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ጣሳ ደርድራ ኳስ ስትወረውርበት ከረመች። አይቪን በገዛ እጇ ከጨዋታ ካላስወጣች እንቅልፍ እንደማይወስዳት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ዘንድሮ ሁለቱ ሠፈሮች ፍጻሜው ላይ እንደገና ተገናኙ። ዳኛው ግን መኪናው አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ከእሱ ሌላ ደንቡን አጥርቶ የሚያውቀው ክሊፍተን ብቻ ነው። የዳኛ ቦታ ደግሞ ከመቺዋ ጀርባ ነው፤ ወርዋሪዋን ፊት ለፊት እያዩ።

"አልችልም! ማን እንደምትወረውር አታውቁም?" አለ ክሊፍተን ላብ እያጠመቀው።

"ዞረህ ቁማ!" አለች ሚስቱ ራይሊን። ከመቺዋ ኋላ ሆና የእናቷን ኳስ የምትቀበለው እሷ ናት፤ ጓንቷን አጥልቃለች።

"ዞሬ ምኑን ልዳኝ?"

"ጆሮ የለህም?"

ዞሮ ቆመ። ኳሷ ጓንቱ መሐል ገብታ ጧ ስትል "ልክ!" ይላል፤ ጫፉን ነክታ ቸፍ ስትል "ጠማማ!" ይላል። ልክ የሆነ ኳስ ሦስቴ ያሳለፈች መቺ ትወጣለች፤ ሰንዝሮ መሳትም እንደ ልክ ይቆጠራል። ማዶዎቹ ሊጮኹ ሲሉ የገዛ ሽማግሌዎቻቸው፣ "አማቱ ላይ እንዲያፈጥ ነው የምትፈልጉት? አታፍሩም?" ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። ክሊፍተን ጨዋታውን ሁሉ ያሳለፈው የቆመች ቶዮታ እያየ ነው። በመስኮቷ መስታወት ላይ የማቪስ ቀሚስ ነጸብራቅ ብልጭ ሲልበት ዓይኑን ጭምር ጨፈነ።

በአንድ ነጥብ እየመራን የመጨረሻዋ መቺ ገባች፤ አይቪ። ሁለት ልክ ኳስ አሳለፈች፤ አንድ ከደገመች አሸነፍን። ማቪስ ሦስተኛውን ወረወረች።

ጧ!

"ልክ! ወጥታለች!"

ሜዳው በሰውና በውሻ ተሞላ።

"በሁለት ክንድ የራቀችኝን ኳስ! አንተ ዕውር!" ጮኸች አይቪ።

"ዓይኔን ማን ጠየቀው?" አለ ክሊፍተን ለቶዮታዋ።

ማቪስ ብቻ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። "ራይሊን፣ ለባልሽ ንገሪው። ጠማማ ናት፤ ተንጠራርተሽ ነው የያዝሻት።"

"እማዬ፣ አሸንፈናል እኮ!"

"ንገሪው አልኩሽ! ዓመት ሙሉ የለፋሁት በሰው ጆሮ ላስወጣት አይደለም።"

የማቪስ ድምፅ እንኳን ለክሊፍተን ለሐይቁ ማዶም ይሰማል። እሱ ግን በጨዋ ደንብ እንዳልሰማ ሆኖ፣ "ራይሊን፣ እናትሽ ያለችው ነገር አለ?" አለ።

"ምንም አላለችም!"

"እኔ ልንገርህ!" አለች አይቪ። "ጠማማ ናት ብላለች!"

"ጠማማ! ይቀጥል!" አለ ክሊፍተን።

ሰውና ውሻ ከሜዳው ተባረረ። ማቪስ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወረወረች። አይቪ ዱላዋን ባላት ኃይል ሁሉ ሰነዘረች፤ አየሩን ብቻ መታች፤ ዱላዋን ተከትላ ዞረችና ቀዩ አፈር ላይ ቁጭ አለች። ዳኛ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን።

"ምን ሆነ?" አለ ክሊፍተን ዓይኑን እንደጨፈነ። "ኧረ ምን ሆነ? ሰው የለም እንዴ?"

"ወጥቻለሁ፣ አንተ!" አለች አይቪ ከተቀመጠችበት። "ለአማትህም ንገርልኝ።"

"እኔ እንዴት ልንገራት?" አለ ክሊፍተን ደንግጦ።