ማታ የገባው ባቡር

ልጅ ሳለሁ አዋሽ ላይ በሙቀቱ ወራት ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ስትጠልቅ አልጋው ወደ ግቢ ይወጣል፣ ለቢምቢው ኩበት ይጨሳል፣ ኩራዟ በሩ ላይ ትንጠለጠላለች፤ እኔም ከአያቴ ከእማማ ዘይነባ ጎን ጋደም ብዬ የባቡሩን ጩኸት እጠብቃለሁ። አጎቴ ከማል አውሮፕላን አብራሪ ነበር። በምሥራቁ ጦርነት ተመትቶ የተማረከው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ሞተ ያለ የለ፣ ዳነ ያለ የለ። አያቴ ግን ማታ ማታ የእሱንም አልጋ ከእኛው ጋር አውጥታ ታነጥፍለት ነበር።

ምርኮኞች ተፈቱ በተባለ ሰሞን፣ አንድ ምሽት፣ ሻንጣ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ከጣቢያው ወጥቶ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ። በራችን ሥር የተናጋች ድንጋይ ነበረች፤ እንግዳ ሁሉ ይደናቀፍባታል። እሱ በዚያ ጨለማ ተሻግሯት ገባ። አያቴ ይህን አየች።

«ልጄ ነው የነገረህ» አለችው።

«አዎ እማማ። አብረን ነበር የታሰርነው፤ እኔም አብራሪ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ እልልታውን አቀለጠችው።

ለማያውቅ ልንገር እንጂ። በእኛ ዘንድ መርዶ ማታ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገር፤ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ብቻውን እንዳይጋፈጠው። ታዲያ ማታ፣ ብቻውን፣ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ምን ይዞ ይመጣል? የምሥራች ነዋ። ጎረቤቱም ይህንኑ ብሎ ግቢውን ሞላው። እንግዳው ክርስቲያን ስለሆነ ሥጋችንን አይበላም ተብሎ ተምርና ወተት ቀረበለት። ጋሽ ታምሩ ነበር ስሙ። ተምሩን አነሳ እንጂ አልበላውም፤ እጁ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ሊሄድ ሲነሳ አያቴ «ዛሬን እደር» አለችው። በማግስቱም «ዛሬን እደር» አለችው። እንዲህ እንዲህ እያለ የወፍጮ ቤቱን ሞተር መጠገን ጀመረ፣ ከፊት ለፊታችን አንድ ክፍል ተከራየ። በሩን ዘግቶ አይተኛም። ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቶ ስለነበር ያኔ ለእኛ ለልጆች ሽማግሌ ነበር። ማታ ማታ እየመጣ ስለ ከማል ያወጋናል። የታሰሩባት ክፍል መስኮት የላት፣ እግር አይዘረጋባት፤ ከማል ግን ሲመሽ በአፉ ወደ ቤቱ ይጓዛል። አንድ ቀን «ዛሬ ድሬዳዋ ገባሁ» ይላል፤ ሌላ ቀን «ሚኤሶ ነኝ፣ ሐብሐብ እየበላሁ» ይላል። ከዚያ የአዋሽን ድልድይ ይሻገራል።

«በሬ ላይ ሲደርስስ?» ትላለች አያቴ።

«ድንጋይዋን ይሻገራታል።»

«እኔስ ምን እላለሁ?»

«እርስዎማ፣ እንዲህ ከስተህ የማን ልጅ ነህ፣ ይሉታል።»

ትስቅና መልሳ ትጠይቃለች። «ታዲያ መቼ ነው የሚመጣ?»

«በየተራ ነው የሚለቋቸው፣ እማማ» ይላታል፣ ዓይኑን ከኩራዟ ሳያነሳ።

ወተት የሚያመጣልን አባ ሁመድ የሚባል የአፋር ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን ለጋሽ ታምሩ ምሳ አድርሼለት ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ግራሩ ሥር እንደተቀመጥን፣ አባ ሁመድ መጥቶ በትሩን አጋድሞ ፊቱ ቁጢጥ አለ።

«ዳጉ» አለው። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውን የሰማውን የሚነግርበት ነው ዳጉ። አይዋሽበትም፣ አይደበቅበትም፤ የደረቀውን ጉድጓድ ውሃ አለው ያልከው ሰው በጥም ይሞታላ።

«ምንም የለም፣ አባ ሁመድ።»

«በዕድሜህ ያየኸው ሞተር ብቻ ነው? ወተቴን ትጠጣለህ፣ ዳጉ አልሰጠኸኝም። ከሩቅ መጥቶ ዝም የሚል ወይ ሌባ ነው ወይ በሽተኛ። ሌባ እንኳ አትመስልም።»

ጋሽ ታምሩ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አኖረና ነገረው። ከማል እዚያችው የታሰሩባት ክፍል፣ በትኩሳት፣ በእሱ ክንድ ላይ ነበር የሞተው። «ለእናቴ አንተው ንገራት» ብሎት ነበር።

አባ ሁመድ ሰምቶ ሲያበቃ «ይህ እኔ ዘንድ አይቀመጥም» አለ። «የማገኘው ሰው ሁሉ ዳጉ ይለኛል፣ እኔም እነግረዋለሁ። ነገ እሷ ከመንገድ ከምትሰማው ጎሕ ላይ አብረን እንሂድ።» ወደ እኔ ዞረና «አንቺም እስኪነጋ አፍሽን ያዢ» አለኝ።

ያን ምሽት አያቴ የከማልን አልጋ ስታነጥፍ አንሶላውን በወዲያ ጫፍ ያዝኩላት።

ጎሕ ሲቀድ አያቴ ሰግዳ ከመነሳቷ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጋሽ ታምሩ ከኋላ ነበር። ሰዎቹን አየች፤ ሰማዩን አየች። ማንም ሳይናገር ገባት።

«ለምን ማታ መጣህ?» አለችው።

«ባቡሩ ማታ ነው የገባው፣ እማማ።»

ለቀስተኛው ሲበተን ሻንጣውን ይዞ ሊሰናበታት መጣ። ትቆጣዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ሻንጣውን አየችና «አስቀምጠው» አለችው። «ቁጭ በል። ሚኤሶ ላይ ነበር ያቆምከው።»

እንዲህ ሆኖ አዋሽ ቀረ። አያቴን እንደ ልጅ ቀበራት። እኔ ሹፌር አግብቼ ሰመራ ከገባሁ በኋላ፣ ጋሽ ታምሩ ሲደክም ወደ ቤቴ አመጣሁት፤ ልጆቼ አባባ እያሉት ወሬውን እየሰሙ አደጉ። ወደ ጅቡቲ ድንበር ወደ ገላፊ የሚወጡ መኪኖች መብራት ግድግዳው ላይ ሲያልፍ እያየ፣ በሩን ከፍቶ ይተኛ ነበር።

አምና ዱብቲ ሆስፒታል አረፈ። ልብሱን በዚያችው ሻንጣ ይዤ በሚኒባስ ስመለስ መሽቶ ነበር። ልጄ አጥሚቱን እያማሰለች ሻንጣውን አየችና ፊቷ በራ። «አባባ ሊወጣ ነው?»

«ተኝቷል» አልኳት።

ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አባ ሁመድ አፍሽን ያዢ ባለኝ ሌሊት፣ ከአያቴ ጎን እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። አሁን ልጄ አጥሚቱን በፔርሙስ ስትገለብጥ፣ ለነገ ፒጃማውን ስታጥፍ እያየሁ እራቴን ገፋ አደረግሁት። የእኔ አንድ ሌሊት ነው። ጋሽ ታምሩ ግን ስንቱን ምሽት ተሸክሞት ኖሯል።

ሲነጋ ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ልጄ በሩ ላይ ቆመን ስታየን ፔርሙሱን እንደያዘች ነበር።

«እናቴ፣ ማታ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሚኒባሱ ማታ ነው የገባው፣ አልኳት።