ሽሮ እምቢ ያለችው የከበቡሽ ኤሊ

በደሴ መንገድ፣ ጀውሃ ላይ ከጎሚስታው አጠገብ ያለችውን የከበቡሽን ምግብ ቤት የማያውቅ ሹፌር ካለ፣ መንገዱን ገና አልጀመረውም ማለት ነው። ቤቷ ስም የላትም፤ በሯ ላይ የተጻፈው «ምግብ አለ» ብቻ ነው። ከበቡሽ ከቀወት ገጠር ወርዳ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቿን በዚሁ ድስት አሳድጋ የዳረች፣ አምሳን የተሻገረች ወፈር ያለች ሴት ናት። ሰው ማብላት ሥራዋ ብቻ አይደለም፤ አመሏም ነው። «በልቻለሁ» የሚላትን ሰው አታምንም። «ምን በላህ? የት? መቼ?» ብላ እንደ መርማሪ ታፋጥጠዋለች፤ መልሱ ካልጣማት ሳህኑን ይዛ ትመጣለች። ሆዴን አመመኝ ያላትንም «ባዶ ሆኖብህ ነው» ትለዋለች።

ለዚህ አመሏ እጅ ያልሰጡ አንድ ሰው ነበሩ። አብዱልሃዲ ይባላሉ። ከመንገዱ ማዶ ከግራሩ ሥር የከብትና የፍየል መኖ የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸውን በፍየል ጥበቃ የፈጁ ሽማግሌ ናቸው። በየቀኑ መጥተው ሻይ ይጠጣሉ፤ ከሻይ በቀር ግን ምንም አይቀምሱም። «ሥጋውስ ይቅር፣ ሽሮ እንኳ?» ስትላቸው፣ «ውጭ በልቼ ብገባ ራቢዓ ትቆጣኛለች» ይሏታል። ራቢዓ ሚስታቸው ናት። ከበቡሽ በዚህ ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀይማቸዋለች፤ ሻዩን ግን ስኳር አብዝታ ነው የምታቀርብላቸው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሽንኩርት የሚያመላልሰው ሹፌር ሙዐዊያ አንድ የእንጨት ሳጥን ይዞ ገባ። ውስጡ ከሻይ ሳህን የማትበልጥ ኤሊ አለች። ካራቆሬ መውጫ ላይ ባጃጅ ነክቷት፣ የቅርፊቷ ጠርዝ ተሰንጥቆ፣ የኋላ እግሯ አብጧል።

«እትዬ ከበቡሽ፣ ሽንኩርቴን ጭኜ ሚሌ ደርሼ እስክመለስ ይያዙልኝ። አስፋልት ላይ ትቼያት መሄድ አልቻልኩም» አላት።

«ምሳ በልታለች?» አለች ከበቡሽ።

እንግዳ እንግዳ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሽሮ ፍትፍት ቀረበላት። ኤሊዋ አንገቷን ወደ ቅርፊቷ ሰበሰበች። «አፍራ ነው» አለች ከበቡሽ። ማታውን ሩዝ ሞከረች። በማግሥቱ ጠዋት ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ስጎ የሌለው ፓስታ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሹፌርና ረዳት ሁሉ መብላቱን ትቶ ኤሊዋን ያያል።

«ወተቱን ያንሱላት፣ ጾመኛ ናት» አለ አንዱ።

«ጾመኛ ብትሆንማ ሽሮዬን በበላች» አለች፤ ነገሩ ግን ከንክኗታል።

አብዱልሃዲ ሻያቸውን ፉት አሉና «ተያት፣ አታስጨንቂያት። ውጭ በልታ ብትገባ ራቢዓ ትቆጣታለች» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከበቡሽ አልሳቀችም።

በሦስተኛው ቀን የበሰለ ሙዝ ሰጠቻት። በላች። ከበቡሽ ለጎሚስታው፣ ለባጃጅ ሹፌሮቹ፣ ውኃ ለሚያወርደው ሰውዬ ሳይቀር ወሬውን አዳረሰች። ከዚያ ወዲያ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ቲማቲም እየተፈራረቀ ወረደ። ሳምንት ሳይሞላ የኤሊዋ ሆድ ተበላሸ። ሳጥኑን ማጽዳት አታካች ሆነ፤ ኤሊዋም ዓይኗን ከድና አንገቷን መሬት ላይ ጣለች። ሙዐዊያ ከሚሌ ተመልሶ ሊወስዳት ሲል ከበቡሽ በሩ ላይ ቆመች።

«ከቤቴ ታማ አትወጣም። ሰው ምን ይለኛል?»

በማግሥቱ ምግብ ቤቷን ዘግታ፣ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ሸዋ ሮቢት ወረደች። የእንስሳት ሐኪሟ ትዕግሥት፣ ልጅ እግር ናት፣ አንዲት ላም መርፌ ወግታ እጇን እየታጠበች ነበር። ሳጥኑን ከፍታ አየችና ፈገግ አለች።

«ምን እያበሏት ነው?»

«ያልሰጠኋት ነገር የለም።»

«በሽታዋ እሱ ነዋ፣ እትዬ።»

ትዕግሥት የተማረችው ይበልጡን ስለ ከብት መሆኑን አልደበቀችም። ወደ ቀድሞ መምህሯ ስልክ ደወለች፤ የሚነግሯትንም ወረቀት ላይ ጻፈች። ስትጨርስ ለከበቡሽ አስረዳቻት። ለእንዲህ ያለችው ኤሊ የሚስማማት ሣርና የዱር ቅጠል ነው። የበሰለ ነገር፣ ዳቦ፣ ወተት ለሆዷ አልተፈጠረም፤ ፍራፍሬም ስኳሩ ሆዷ ውስጥ ይቦካል። አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ እንዳይሆን፣ እያቀያየሩ። ለቅርፊቷ ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅሎ፣ አድቅቆ መነስነስ።

«ከሽንኩርት ማሳ ዳር ግን እንዳይለቅሙ፤ መድኃኒት ይረጭበታል። የማያውቁትን ተክል አይስጧት። የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።»

«ምግብ ቤት ያለኝ ሴትዮ ለእንግዳ ሣር ላቅርብ?» አለች ከበቡሽ።

«ያቅርቡ» አለች ትዕግሥት።

የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ከበቡሽ አላጣችውም፤ ያስቸገራት መጠየቁ ነበር። እስከ ጀውሃ ድረስ መስኮቱን እያየች ቃል ስትመርጥ መጣች። በማግሥቱ ጠዋት ሻዩን ራሷ ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

«ጋሽ አብዱልሃዲ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት መጥቼ ነበር።»

«ሽሮ አልበላም።»

«ለኤሊዋ ነው።»

ሽማግሌው ሻዩን ተቀብለው ጠጥተው ጨረሱ። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው «ተከተይኝ» አሏት።

ከማሳዎቹ ርቀው ወንዙን ይዘው ወጡ። አብዱልሃዲ በዱላቸው እየነኩ ይነግሯታል። ሰርዶ፣ ይሄ ይሆናታል። ይህች ሰማያዊ አበባ ያላት፣ አገዳዋ ውኃ የቋጠረው፣ የውኃ አንቁር ናት፤ እሷም ትሆናታለች። ሽፈራው ከቤትሽ ጓሮ አለ፤ ጥቂት ቅጠል ጣል አድርጊላት። የስኳር ድንች ቅጠልም ደግ ነው፤ የቲማቲምና የትንባሆ ቅጠል ግን ወዲያ በይው። ጉሎውን ደግሞ በሩቁ። «በጉሎ ፍሬ ሁለት ፍየል ቀብሬያለሁ» አሉ። አስተናግር ነጭ አበባውን እንደ ጡሩምባ ነፍቶ ቆሟል፤ ከበቡሽ ደስ ብሏት እጇን ስትዘረጋ ዱላው መሐል ገባ።

«ይሄ እንኳን ኤሊ፣ ሰው ያሳብዳል።»

«ፍየል የሚበላው ሁሉ አይሆንም እንዴ?»

«ፍየል የእኔን ጥምጣም በልቷል። ኤሊዋ ጥምጣም ትብላ?»

ከበቡሽ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ቆየችና በድል አድራጊነት የቁልቋል ቅርንጫፍ በቢላ ቆርጣ መጣች። ቁልቋል ለኤሊ ጥሩ ነው ሲባል ሰምታለች። ከቁራጩ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል።

«ጣይው! እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን እንዳትነኪ» አሉ አብዱልሃዲ። ወንዙ ዳር አስቀምጠው በአሸዋ እያሹ ሲያስታጥቧት እንደ ልጅ ታዘዘች። «የሚበላው በለስ የሚያፈራው ጠፍጣፋው ነው፤ እሱ ወተት የለውም። ይሄኛው ወተቱ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል።»

«ሁለቱም ቁልቋል አይደሉም እንዴ?»

«ስሙን ያወጣው ሰው ነው። ኤሊዋ ስሙን አትበላም።»

ሲመለሱ ከአንድ አጥር ላይ ለጋ የበለስ ቅጠል አስፈቅደው ቆረጡ። ከበቡሽ እሾሁን በከሰል ላይ ለበለበችው፤ ላጠችው፤ እንደ ጎመን አድቅቃ ከተፈችውና እጇ ሳታዝዘው ወደ ጨው ዕቃው ሄደ።

«አንቺ ሴትዮ!» አሉ አብዱልሃዲ።

ኤሊዋ ቶሎ አልዳነችም። ከበቡሽ ሐኪሟ ትዕግሥት እንዳዘዘቻት ጠዋት ጠዋት ጎድጎድ ባለ ሳህን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ታስቀምጣታለች። በአራተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። በስድስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ አንገቷን አውጥታ የውኃ አንቁሯን ገመጠች። ከበቡሽ በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ሦስት ሰው ምግብ አዞ ይጠብቃታል። ኤሊዋ ቀስ ብላ ታኝካለች፤ ከበቡሽም ጨምሪ አላለቻትም፤ ሳህኑንም አልገፋችላትም፤ ዝም ብላ አየቻት። እንዲህ ዝም ብላ ሰው ሲበላ አይታ አታውቅም።

አሁን ነገሩ መንገዱን ሁሉ አዳርሷል። ከአጣዬ የሚወርዱ ሹፌሮች ለኤሊዋ ብለው ቅጠል ይዘው ይመጣሉ። ከበቡሽም እንደ ጉምሩክ ፈታሽ በሩ ላይ ትቀበላቸዋለች። አገዳውን ቀንጥሳ ወተት እንዳለው ታያለች፣ ታሸታለች፣ «ከየት ቆረጥከው? ማሳ ዳር ነው?» ትላለች። የተጠራጠረችውን ወደ ማዶ ለአብዱልሃዲ አሻግራ ታሳያለች፤ እሳቸው ዱላቸውን ካወዛወዙ ቅጠሉ ይጣላል። ለኤሊዋ ብስኩት የወረወረ አንድ ረዳት እስከ ዛሬ ውጭ ቆሞ ነው የሚበላ።

ትዕግሥት በቀደም ለከብት ክትባት ጀውሃ መጥታ ኤሊዋን ገልብጣ አየቻት። ስንጥቁ ገጥሟል፤ ክብደቷም ጨምሯል።

«የዱር እንስሳ ናት፤ እግሯ ከዳነ ወደ ቦታዋ ብትመልሷት ጥሩ ነው» አለች።

«እግሯ ትንሽ ይጥና» አለች ከበቡሽ።

አብዱልሃዲ እግሯ ከጥቅምት ጀምሮ ደህና ነው ይላሉ። ከበቡሽ ግን አልሰማሁም ብላ፣ ወደ መንገዱ እንዳትወጣ በሩ ላይ ጣውላ አጋድማለች፤ ደንበኛ ሁሉ እሱን ተራምዶ ነው የሚገባ።